ሻጋታን በባክቴሪያ መቅደም፦ ሀዋሳ ላይ አቮካዶና ማንጎ ለሚያከማች ሰው

ከዳሌ ወይም ከወንዶ ገነት ተጭኖ ሀዋሳ የገባ አቮካዶ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይወጣለትም። ጣጣው የሚመጣው መለስለስ ሲጀምር ነው። ልጣጩ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ይሰፋል፣ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። አንዳንዱ ደግሞ ከላይ ደህና መስሎ በዘንጉ በኩል ይጠቁርና ቡናማው ወደ ፍሬው ልብ ይወርዳል። ጁስ ቤቱ ሲሰነጥቀው ግማሹን ይጥላል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ሒሳብ ይቀነሳል።

ይህን ብክነት ለመቀነስ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። ስለ «ባዮ» መድኃኒት ብዙ ይወራል፤ አብዛኛው ወሬ ግን ባክቴሪያው ምን እንደማይችል አይነግራችሁም። መመሪያው ከጥቂት ኩንታል እስከ አንድ አይሱዙ ፍሬ ለሚይዝ ነጋዴ፣ ማኅበር ወይም ገበሬ ነው። ቤታችሁ ሦስት ኪሎ ማንጎ ላላችሁ፣ ቶሎ ብሉት።

ባክቴሪያው ምን ይሠራል?

ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለውና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። አፈር ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ፣ ቅጠል ላይ በተፈጥሮ ይገኛሉ። ፍሬው ላይ ሲረጩ ጭረቱና የተቆረጠው ዘንግ ላይ ይሰፍራሉ፤ እዚያ የሚፈሰውን ስኳር ይበላሉ። ኢቱሪንና ፌንጃይሲን የሚባሉ ውህዶችም ያመነጫሉ። እነዚህ የሻጋታውን ሕዋስ ሽፋን ይበሳሉ። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ የፍሬውን የራሱን መከላከያ ይቀሰቅሳል።

ነገሩ መናኸሪያ ውስጥ ወንበር እንደመያዝ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ ከተቀመጠ ሻጋታው ቆሞ ይቀራል። ሻጋታው ቀድሞ ከተቀመጠ ግን ባክቴሪያው አያስነሳውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ አንድ ነገር የሚደረግ ሩጫ ነው፤ መቅደም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1984 አሜሪካ ውስጥ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተለቀመ ኮክን ከብስባሽ እንደሚከላከል የሚያሳይ ጥናት ታተመ። በ1995 ደግሞ ሲውዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ እዚያው አሜሪካ ከለቀማ በኋላ ለብርቱካንና ለአፕል መሰል ፍሬዎች እንዲውል ተመዘገበ። ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ የደቡብ አፍሪካው ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከራሱ ከአቮካዶ ዛፍ ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ ለይተው አወጡና ለአቮካዶ ምርት አደረጉት። ዛፉ ላይ እንዳለም ይረጩታል። ለምን ዛፉ ላይ? መልሱ የመጀመሪያው እርምጃ ውስጥ አለ።

1. የትኛው ሻጋታ እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ገንዘቡ የሚባክነውም እዚህ ነው።

የበሰበሰ ፍሬ ሰብስቡና በቢላ ክፈቱ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ላይ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለ፣ ዙሪያው ደግሞ በነጭ ከተከበበ፣ ፔኒሲሊየም ነው። ይህ የቁስል ሻጋታ ነው፤ ጭረት ካላገኘ አይገባም። ባክቴሪያ የሚጎብዘው እንዲህ ባለው ላይ ነው። ቁስሉ ከለቀማ በኋላ የተፈጠረ ስለሆነ የመቅደም ዕድል አላችሁ።

አቮካዶ፣ ማንጎ ወይም ፓፓያ ላይ ክብ፣ ጥቁርና የጎደጎደ ነጥብ ካያችሁ፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ መሀሉ ላይ ብርቱካናማ ሮዝ ነገር ካወጣ፣ አንትራክኖዝ ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው። ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ለጋ ሳለ በዝናብ ተረጭቶ ልጣጩ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ሰርስሮ ይገባና ይተኛል። ጥሬ አቮካዶ ልጣጩ ውስጥ ሻጋታውን የሚያግድ ዳይን የሚባል ውህድ አለው። ፍሬው ሲበስል ውህዱ ይቀንሳል፤ የተኛው ይነቃል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ባክቴሪያ ብትረጩ የተኛው ቀድሟችኋል። ደቡብ አፍሪካዎቹ ዛፉ ላይ የሚረጩት ለዚህ ነው።

በዘንጉ በኩል ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁረት የዘንግ ብስባሽ ነው። መሀል ላይ ያለ ጉዳይ ነው፤ ከፊሉ ከዛፉ ይመጣል፣ ከፊሉ በተቆረጠው አፍ ይገባል። የሁለተኛውን መንገድ ባክቴሪያ ሊዘጋው ይችላል።

በዓይን መለየት ካስቸገራችሁ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ እዚሁ ከተማ ነው። የዕፅዋት በሽታ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ሁለት የበሰበሰ ፍሬ ማሳየት አይከፋም።

2. ምርቱን ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ

ግብርና መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «ባዮ ስጠኝ» ካላችሁ ማንኛውም ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ የትል መድኃኒት ነው፤ ለሻጋታ አይሆንም። ትራይኮደርማ ራሱ ሻጋታ ነው፤ በአብዛኛው ለሥርና ለአፈር ነው የሚሸጠው። እናንተ የምትፈልጉት ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ባሲለስ አሚሎሊኩዌፋሸንስ ወይም ባሲለስ ቬሌዜንሲስ የሚል ነው። መለያው ላይ ለሚበላ ፍሬ፣ ከለቀማ በኋላም መጠቀም እንደሚቻል መጻፍ አለበት። አገራችን ውስጥ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 አለ፤ የተመዘገበበትን ማስረጃ አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው። ለውጭ ገበያ የምታቀርቡ ከሆነ ገዢውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለምን ባሲለስ እንጂ ሲውዶሞናስ አይሆንም? ባሲለስ ስፖር ይሠራል። ስፖር ማለት ባክቴሪያው ደርቆ፣ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ጠንካራ ሁኔታ ነው፤ ሙቀትና ድርቀት ይችላል። ሲውዶሞናስ ስፖር የለውም፤ ከፋብሪካ እስከ እናንተ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት በሚሄድበት አገር ምርጫው ቀላል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጥናቶች ላይ ፍሬ ለመርጨት በብዛት የሚሠራበት መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ነው። ፓኬቱ «በግራም 1 ቢሊዮን» ካለ፣ 100 ሚሊዮኑ ላይ ለመድረስ ለ1 ሊትር 100 ግራም ይፈልጋል። 20 ሊትር መርጫ ሲሞላ 2 ኪሎ ማለት ነው። «በግራም 100 ቢሊዮን» የሚለው ግን ለዚያው 20 ሊትር 20 ግራም ይበቃዋል። በግራም 100 ሚሊዮን የሚል ርካሽ የአፈር ምርትማ ለ1 ሊትር 1 ኪሎ ሊገባበት ነው፤ መርጫውን ከመድፈን በቀር ምንም አይሠራም። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የፓኬቱን ዋጋ ሳይሆን አንድ መርጫ ለመሙላት የሚወጣውን አስሉ። መለያው የራሱን መጠን ከጻፈ የመለያውን ተከተሉ።

የማብቂያ ቀኑን እዩ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ፓኬት አትግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ይባል። እርጎ አጓት፣ የዳቦ እርሾ፣ ወይም በሞላሰስ የተራባ የቤት ውስጥ «ባክቴሪያ» የሚመክሩ አሉ። አይሞከር። ባሲለስ ሰብቲሊስን እናባዛለን ሲባል ዘመዱ ባሲለስ ሴሪየስ አብሮ ሊባዛ ይችላል፤ እሱ ምግብ የሚመርዝ ነው። በዓይን አይለያዩም።

3. ለቀማው ላይ አትቀልዱ

አቮካዶ ዛፉን ነቅንቆ ማርገፍ የተለመደ ነው። የወደቀ ፍሬ ግን ከላይ ባይታወቅም ውስጡ ተመትቷል፤ መሬቱ ላይ ያለው የሻጋታ ዘርም ተቀብቶበታል። ባክቴሪያ የሚረጨው እንዲህ ባለ ፍሬ ላይ ከሆነ ብሩን ለአይሱዙ ነዳጅ ብታውሉት ይሻላል።

ረጅም ዘንግ ላይ መቁረጫና ከረጢት የታሰረበት መልቀሚያ ተጠቀሙ። ፍሬውን አትንጩ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ሲነጭ የሚቀረው ቀዳዳ ለዘንግ ብስባሽ የተከፈተ በር ነው። ማንጎ ሲሆን ዘንጉን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡና ኋላ ስታሳጥሩ ፍሬውን ዘቅዝቃችሁ ፈሳሹ ውጭ ይንጠባጠብ። ልጣጩ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ደግሞ ይበሰብሳል።

ዝናብ ሲዘንብ ወይም ጤዛው ሳይደርቅ አትልቀሙ። በክረምት ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ቢያንስ ረፋዱ ላይ ጀምሩ። የለቀማችሁትን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፤ የፕላስቲክ ሳጥን ይሁን፣ ከአፉም አይለፍ። የሞላ ሳጥን ላይ ሌላ ሲጫን የላይኞቹ ይደፈጠጣሉ።

ሰዓቱን ጻፉ። ከለቀማ እስከ ርጭት ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፤ በዚያው ቀን ቢያልቅ ጥሩ ነው፣ ከ24 ሰዓት አይለፍ።

4. ምረጡ፣ እጠቡ

መጋዘን በር ላይ ምርጫ ሲደረግ ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው። «ጋሼ፣ የጀመረውንም አብረን እንርጨው? ምናልባት ይድናል።» አይድንም። ነጥብ የጀመረ ፍሬ ከነሳጥኑ ይውጣ፤ ከመጋዘኑም ይራቅ። አንድ የሻገተ ብርቱካን ሲነካ የሚቦነው አረንጓዴ አቧራ እልፍ አእላፍ የሻጋታ ዘር ነው። የተጫረ ግን ያልበሰበሰ አቮካዶ ለብቻው ተለይቶ በዚያው ቀን ለጁስ ቤት፣ ወይም ይርጋለም ዘይቱን ለሚጨምቁት ይሂድ።

ለማጠቢያ የሀይቁን ውሃ አትጠቀሙ። የቧንቧ ወይም ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ይሁን። በበርሜሉ ውስጥ በረኪና ጨምሩ፤ 5 በመቶ የሚለው ከሆነ ለ20 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይህ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ፍሬው ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆይ።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ አንድ ጠባይ አለው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ አልካላይን ነው። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከ8 በላይ ሲሆን ክሎሪኑ ይሸታል እንጂ ብዙም አይገድልም። የመዋኛ ገንዳ መለኪያ ወረቀት ገዝታችሁ ፒኤቹን ከ6.5 እስከ 7.5 አድርሱት። ማስተካከያው ጥቂት የሎሚ አሲድ ነው። አሲዱ መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ በረኪናው በኋላ ይገባል። አሲድን ከንጹሕ በረኪና ጋር በቀጥታ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቀልድ የለውም።

ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩት፤ ጭቃና ቅጠል ክሎሪኑን ይበሉታል። ሌላው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ትኩስ ማንጎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ከነሻጋታው በዘንጉ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። መጀመሪያ ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ፣ ወይም ውሃው ከፍሬው 5 ዲግሪ ያህል ሞቅ ይበል።

ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ክሎሪን ባክቴሪያ አይመርጥም፤ የእናንተንም ይገድላል።

ለማንጎ ብቻ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የተኛውን አንትራክኖዝ ለመንካት ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ መንከር የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚያ ቀዝቅዞ ባክቴሪያው ይረጫል፤ ሙቀቱ የተኛውን ሲመታ ባክቴሪያው አዲሱን ይጠብቃል። ደህና ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ተዉት፤ ትንሽ ካለፈ ልጣጩ ይቃጠላል። ለአቮካዶ አልመክረውም።

5. በጥብጡና እርጩ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ማታ ክዳኑን ከፍታችሁ አሳድሩት፤ ወይም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። መርጫው አዲስ ወይም ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን። የአረም መድኃኒት የተረጨበትን ምግብ ላይ አታምጡ። መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ዱቄቱን መጀመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ በጆግ በጥብጡ። ጓል እንዳይኖረው በጨርቅ አጥልሉ። ግማሽ ሰዓት ይቆይና ወደ ትልቁ ይጨመር። ዱቄቱን ስትከፍቱ ጭንብልና ጓንት አድርጉ፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ስፖር ለማንም አይጠቅምም። በጥብጣችሁ ያደረ አትርጩ።

መንከር ወይስ መርጨት? ነክረው የሚሠሩ አሉ፤ ፈጣን ነው። እኔ ለትንሽ መጋዘን መርጨትን እመርጣለሁ። የመንከሪያው ውሃ በየሳጥኑ እየቆሸሸ ይሄዳል፤ ከአንዱ ፍሬ የታጠበ ሻጋታ ለሌላው ይደርሳል። ፍሬውን በወንፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ ረድፍ ዘርጉ። መጀመሪያ ዘንጎቹን፣ የተቆረጠውን አፍ፣ እርጩ። ከዚያ ገላውን፣ ከዚያ አገላብጡና ሌላውን ወገን። ውሃው መንጠባጠብ ሲጀምር ይበቃል። መርጫውን በየጊዜው አወዛውዙ፤ ባክቴሪያው ወደ ታች ይዘቅጣል። የአቮካዶ ልጣጭ ሰም ስላለው ውሃው ተንከባሎ ይወርዳል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ግን አትጨምሩ፤ ማጣበቂያ ካስፈለገ መለያው የሚፈቅደውን ብቻ።

ጥላ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ይድረቅ። እርጥብ ፍሬ ሳጥን ውስጥ ከተከተተ የተለፋው ሁሉ ለሻጋታው ጥቅም ነው።

6. አቀማመጥ

ማቀዝቀዣ ካላችሁ ጥሬ አቮካዶ ከ5 እስከ 13 ዲግሪ፣ ማንጎ 13 አካባቢ ይቀመጥ። ማንጎን ከ10 በታች ማውረድ በብርድ ያቆስለዋል፤ የብርድ ቁስልም ቁስል ነው። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ የሀዋሳ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላልና ማታ መስኮት ክፈቱ፣ ቀን ዝጉ። የበሰለ ሙዝ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ቶሎ ያበስልባችኋል።

7. በራሳችሁ ፍሬ ሞክሩ

ሻጩ የሚነግራችሁን ሳይሆን የራሳችሁን ቁጥር እመኑ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን ከተለቀመ አቮካዶ 150 ፍሬ ውሰዱ። ሳትመርጡ እያዘዋወራችሁ ሦስት ቦታ 50፣ 50 አድርጉት። የመጀመሪያው ምንም አይደረግበት። ሁለተኛው ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይረጭ። ሦስተኛው ታጥቦ ባክቴሪያ ይረጭ። ሦስቱም እኩል ሙቀት ባለበት፣ በማይነካካ ሳጥን ይቀመጡ። ሳጥኖቹ ላይ በማርከር ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ የሚቆጥረው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ዓይን ወደ ተመኘው ያደላል።

በየሁለት ቀኑ ቁጠሩ። የበሰበሰውን አውጡና የነጥብ ወይስ የዘንግ ብስባሽ መሆኑን ለይታችሁ ጻፉ። ሲበስል ደግሞ ሁሉንም ሰንጥቁ፤ ከላይ የማይታየው ያኔ ይወጣል።

ውጤቱን ስታነቡ የመጀመሪያውን ከሦስተኛው ጋር ብቻ አታወዳድሩ። ብዙ ሻጭ የሚያሳየው እሱን ነው። ትልቁ ልዩነት ከማጠቡ የመጣ ሊሆን ይችላል። የባክቴሪያው ሥራ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ነው። ለምሳሌ ታጥቦ ብቻ የተቀመጠው ከ50 ፍሬ 12 ቢበሰብስና ባክቴሪያ የተረጨው 6 ቢበሰብስ፣ ከ100 ፍሬ 12 አትርፋችኋል ማለት ነው። የ12 ፍሬ ዋጋ 100 ፍሬ ለመርጨት ከወጣው የዱቄት፣ የውሃና የጉልበት ወጪ ከበለጠ ቀጥሉ። ልዩነቱ አንድ ሁለት ፍሬ ከሆነ በ50 ፍሬ አይታመንም፤ በሌላ ጭነት ድገሙት። የዘንግ ብስባሹ ቀንሶ የነጥቡ ካልቀነሰ ባክቴሪያው ድርሻውን ሠርቷል፤ ቀሪው ማሳው ላይ ነው፤ ከገበሬው ጋር ስለ መግረዝና ደርቀው ዛፍ ላይ የቀሩ ፍሬዎችን ስለ ማራገፍ መነጋገር ይቀራችኋል። በሁለት ጭነት ምንም ልዩነት ካልታየ ዱቄቱን ተዉትና በገንዘቡ የፕላስቲክ ሳጥን ግዙበት።